ራስኮልኒኮቭ እጁን የሰጠው ተጸጽቶ ነው?

ጥያቄ፦ የዶስቶየቭስኪን «ወንጀልና ቅጣት» አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ግራ የገባኝ ነገር አለ። ስለ መጽሐፉ የሚጽፉ ሰዎች ራስኮልኒኮቭን ኅሊናው ሲያሠቃየው ቆይቶ በመጨረሻ ተጸጽቶ ወንጀሉን እንዳመነ ይናገራሉ። እኔ ግን «አሮጊቷን በመግደሌ በድያለሁ» ብሎ ከልቡ ሲያዝን አንድም ቦታ አላገኘሁትም፤ ሳይቤሪያ ከወረደ በኋላም ያው ነው። ታዲያ እጁን የሰጠው ለምንድን ነው? ሌሎቹ የሩስያ ደራስያንስ በደልን የሚያዩት እንዲህ ነው?

መልስ፦ መጽሐፉ የሚመሰክረው ለእርስዎ ነው። ደራሲው በመደምደሚያው ላይ ምንም ሳይሸፋፍን እንደሚነግረን፣ ራስኮልኒኮቭ በእስር ላይ ሆኖ ራሱን አጥብቆ ቢመረምርም፣ የደነደነው ኅሊናው ማንንም ሊያጋጥም ከሚችል ስሕተት በቀር ይህ ነው የሚባል በደል አላገኘበትም። ጸጸትን ይመኛል፤ እንቅልፍ የሚነሳ፣ አንጀት የሚያቃጥል ጸጸት ቢመጣለት በደስታ በተቀበለው ነበር፤ ግን አልመጣለትም። በራሱ ላይ የሚፈርደው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጀመረውን መሸከም አቅቶት እጁን በመስጠቱ። ይህ ዶስቶየቭስኪ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የፈጠረው ነገር አይደለም። በ1849 እ.ኤ.አ. በፖለቲካ ክስ ተይዞ፣ ከዚያም ኦምስክ በሚገኘው እስር ቤት ለአራት ዓመት የጉልበት ሥራ ሲቀጣ ከነፍሰ ገዳዮች ጋር አብሮ ኖሯል። ከዚያ ሕይወት ተነሥቶ በጻፈው «የሙታን ቤት ማስታወሻዎች» ውስጥም ተራኪው በእስረኞቹ መካከል ቅንጣት ታህል የጸጸት ምልክት እንዳላየ ይናገራል።

ታዲያ ወጣቱን ያን ያህል የሚያሠቃየው ምንድን ነው? በ1866 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ልብ ወለድ 6 ክፍሎችና አንድ መደምደሚያ ሲኖሩት፣ ግድያው የሚፈጸመው ገና በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ነው፤ የቀረው ሁሉ ሰው ከገደሉ በኋላ ስለሚኖሩት ኑሮ ነው። ራስኮልኒኮቭ የዘረፈውን የገንዘብ ቦርሳ ከፍቶ እንኳ ሳያይ ከድንጋይ ሥር ይደብቀዋል፤ 317 ሩብል የነበረበት መሆኑ የሚነገረን በፍርድ ሂደቱ ሲሆን፣ ዳኞቹ ገንዘቡን አለመቁጠሩን ማመን ያቅታቸዋል። ከሁሉ ይልቅ ግን የኔቫ ወንዝ ድልድይ ላይ የሚሆነውን ደግመው ያንብቡት። አንዲት መንገደኛ ሴት ለማኝ መስሏት «ስለ ክርስቶስ» ብላ ሃያ ኮፔክ ታስጨብጠዋለች። ሳንቲሟን እንደጨበጠ ቆሞ ወንዙን ሲያይ ከቆየ በኋላ እጁን ይዘረጋና ወደ ውሃው ይወረውራታል፤ በዚያች ቅጽበት ራሱን ከሰው ሁሉ በመቀስ ቆርጦ የለየ ይመስለዋል። በኋላም እናቱን «ለመጨዋወት ጊዜ ይኖረናል» እንዳላት መላ አካላቱን የሞት ብርድ ይወረዋል፤ ከእንግዲህ ከማንም ጋር፣ ስለ ምንም ነገር ከልብ መነጋገር እንደማይችል ገብቶታልና። ቅጣቱ ይህ ነው፤ ፖሊስ ሳይደርስበት የጀመረ ቅጣት። እጁን የሰጠውም፣ እኔ እንደማነበው፣ ይህን ብቸኝነት መቻል ስላቃተው እንጂ ለሟቿ አዝኖ አይደለም።

ይሁንና እርስዎ የጠቀሱት አሮጊቷን ብቻ ነው፤ የተገደሉት ግን ሁለት ናቸው። ለአራጣ አበዳሪዋ ለአልዮና ኢቫኖቭና ሞት ራስኮልኒኮቭ የተሟላ ክርክር አለው፤ እንደ ናፖሊዮን ያለ ታላቅ ሰው ለዓላማው ደም ቢያፈስ አይጠየቅም፣ እርሷም ለማንም የማትጠቅም ናት ይላል። ሳትታሰብ ከቤት ገብታ የደረሰችበት እኅቷ ሊዛቬታ ግን በዚያ ክርክር ውስጥ የለችም። የማያስባትም ለዚህ ይመስለኛል። ይህ ነገር አንድ ጊዜ ራሱን ያስገርመውና፣ ጭራሽ ያልገደላት ይመስል ለምን ትዝ እንደማትለው ይጠይቃል። (ብዙ ተቺዎችም ይረሷታል፤ በዚህ ከገዳዩ አይሻሉም።) ቤተሰቧን ለማኖር ገላዋን ለምትሸጠው ወጣት ለሶንያ ምስጢሩን በሚያወጣበት ምሽት ግን የሶንያ ፊት በድንገት የሊዛቬታን ፊት ይሆንበታል። ሊዛቬታ መጥረቢያ ይዞ ሲቀርባት እንደ ፈራ ሕፃን እጇን ወደ ፊት ዘርግታ ወደ ግድግዳው አፈግፍጋ ነበር፤ አሁን ሶንያ በዚያው ዓይነት ግራ እጇን ዘርግታ፣ በጣቶቿ ደረቱን ገፋ አድርጋ ትሸሸዋለች። በመጽሐፉ ውስጥ ለእውነተኛ ጸጸት ከሁሉ የቀረበው ቦታ ይህ ነው እላለሁ፤ «በደልኩ» የሚል ቃል ባይኖርበትም። በአንጻሩ በመደምደሚያው ጥቂት ገጾች ውስጥ የሚመጣው ለውጥ የተጣደፈ ይመስለኛል።

ስለ ሌሎቹ ደራስያን ላነሡት፣ የቶልስቶይ «ትንሣኤ» (1899 እ.ኤ.አ.) ከተቃራኒው ወገን ይነሣል። ልዑል ኔክልዩዶቭ አስረግዞ የተዋትን ካትዩሻ ማስሎቫን፣ እርሱ ከዜጎች ከተመረጡት የፍርድ ሸንጎ አባላት (ጁሪ) አንዱ ሆኖ በተቀመጠበት ችሎት ተከሳሽ ሆና ያገኛታል። ጸጸቱ እውነተኛ ነው፤ ሊያገባትም ይፈልጋል። እርሷ ግን በዚህ ዓለም መደሰቻው እንዳደረጋት ሁሉ በወዲያኛው ዓለም መዳኛው ሊያደርጋት እንደሚፈልግ ነግራው ታባርረዋለች። የተበደለውን ሰው ለሁለተኛ ጊዜ መሣሪያ የሚያደርግ ጸጸት እንዳለ ይህን ያህል በግልጽ ያሳየ ሌላ ልብ ወለድ አላውቅም።

ከራስኮልኒኮቭ ቀጥለው የሚያነቡ ከሆነ፣ በ1880 እ.ኤ.አ. ታትሞ ባለቀው «ወንድማማቾቹ ካራማዞቭ» ውስጥ ከወንድማማቾቹ አንዱ ኢቫን ከቤቱ አገልጋይ ከስመርድያኮቭ ጋር ሦስት ጊዜ የሚገናኝባቸውን ምዕራፎች ጊዜ ሰጥተው ያንብቧቸው። የኢቫን እጅ ደም አልነካም። አባቱን የገደለው ስመርድያኮቭ ነው፤ ሆኖም ዋናው ገዳይ አንተ ነህ፣ እኔ አገልጋይህ ብቻ ነበርኩ ይለዋል። ኢቫን የሚሄደው አባቴን ማን ገደለው ብሎ ሊጠይቅ ነው፤ በየጊዜው ሲመለስ ግን ይዞት የሚወጣው ጥያቄ እርሱ ራሱ ምን ተመኝቶ እንደነበር ነው።