ከሴፕቲክ ጉድጓድ እስከ ቦሰት፦ የድንጋይ ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው «የአዳማ አቧራ የድሮ እሳተ ገሞራ አመድ አለበት» ብዬ ብጽፍ የጥያቄው ብዛት ጉድ ነው። አንዳንዱማ ከነድንጋዩ ነው የመጣው። ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ተቀምጠዋል። ጥያቄዎቻችሁን ከነመልሴ እነሆ።

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ቤት እየሠራሁ ነው። የሴፕቲክ ጉድጓድ ስናስቆፍር ሁለት ሜትር ላይ ግራጫ ድንጋይ ገጠመን። ውስጡ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ መስታወት የመሰለ ነገር ተጋድሞበታል። ቆፋሪዎቹ ዋጋ ጨምር አሉኝ። ምን ዓይነት ድንጋይ ነው?

ቆፋሪዎቹ እውነታቸውን ነው፣ ይጨምሩላቸው። ሲገልጹት ኢግኒምብራይት ይመስላል። ብዙ ሰው እሳተ ገሞራ ሲባል እንደ ማር የሚፈስ ላቫ ነው የሚታየው። ይህኛው ግን አልፈሰሰም፣ ጋለበ። ተራራው ሲፈነዳ የጋለ አመድ፣ ጋዝና ድንጋይ ተደባልቆ መሬት ለመሬት ይነዳል። ሙቀቱ በመቶዎች ዲግሪ ነው፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ሸለቆውን ሞልቶ ካረፈ በኋላ ገና ትኩስ ስለሆነ በራሱ ክብደት ተጭኖ ይጣበቃል። እንጀራ ሳይበርድ ከደራረቡት ምን እንደሚሆን ያውቃሉ፤ ልክ እንደዚያ ነው። ያ ጥቁር ጠፍጣፋ ነገር በፊት በአረፋ የተሞላ ቀላል ድንጋይ ነበር። ትኩሱ አመድ ላዩ ላይ ተከምሮ ሲጫነው አየሩ ወጥቶ ብርጭቆ ሆነ። ጣሊያኖች «ፊያሜ» ይሉታል፣ ነበልባል ማለት ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ስሙ ነው። በዚህ አካባቢ ያለውን፣ ዕድሜው በሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠረውን የኢግኒምብራይት ክምችት ጂኦሎጂስቶች «የናዝሬት ግሩፕ» ብለው ሰይመውታል። ከተማችን ስሟን ወደ አዳማ ብትመልስም ድንጋዩ መታወቂያውን አልቀየረም። ከዚህ ክምችት በላይ የተነጠፈ ሌላ፣ ወጣት ኢግኒምብራይትም ስላለ የእርስዎ ጉድጓድ የየትኛው እንደሆነ በደብዳቤ አልፈርድም። እንዲህ ያለ ፍንዳታ ያደረገ ተራራ ውስጡ ባዶ ሲቀር ይደረመሳል። ከከተማችን በስተደቡብ ያለው የገደምሳ ሰፊ ጎድጓዳ እንደዚያ የተፈጠረ ነው፤ ስፋቱ ከ7 እስከ 9 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

ለመሠረትዎ፦ የተጣበቀው ድንጋይ ጠንካራ ነው። ከሥሩ ግን ልል አመድ ሊኖር ስለሚችል ኢንጂነሩ ወደ ታች ያስፈትሽ።

የአምስተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ልጆቹ ከቦሰት ተራራ በኩል ጥቁር የሚያብረቀርቅ ስባሪ ያመጡልኛል። ጠርሙስ ነው ድንጋይ?

ባልጩት ነው። ሆኖም ጠርሙስ ያሉት ልጆች ብዙ አልተሳሳቱም፣ ተፈጥሮ የሠራችው ብርጭቆ ነው። ሲሊካ የበዛበት ወፍራም ላቫ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ማዕድናቱ ተሰልፈው ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ አያገኙም። ስለዚህ ሲሰበር ጠርዙ እንደ ምላጭ ይሆናል። ልጆቹ በኪሳቸው እንዳይዙት ይንገሯቸው! በመልካ ቁንጥሬ የጥንት ሰዎች ከ1 ሚሊዮን ዓመት በፊትም በዚሁ ድንጋይ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ከዚያው አጠገብ ያለችው ቦታ ስሟ ባልጪት ነው፣ ስሟ ራሱ ድንጋዩን ይናገራል። ሁለቱ አብረው እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ልጆቹን ይዘው ቢሄዱ እኔም እከተላችኋለሁ።

በ2017 ዓ.ም. አልጋችን ሲንቀጠቀጥ ካደረ ወዲህ ባለቤቴ ቦሰት ይፈነዳል እያለች እንቅልፍ የላትም።

ያ መንቀጥቀጥ የቦሰት አልነበረም። ከመተሐራ በኩል፣ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል ነው የተነሣው። ከምድር ሥር ያለው ቅልጥ ዐለት ወደ ላይ ሳይወጣ በስንጥቅ ውስጥ ወደ ጎን ሲገፋ መሬቱ ተሰነጠቀ፣ ብዙ ሺህ ሰውም ከቀዬው ተነሣ። ፈንታሌ ለመጨረሻ ጊዜ ላቫ ያፈሰሰው እ.ኤ.አ. በ1820 አካባቢ ነው። ቦሰት የሞተ ተራራ አይደለም፣ ላቫዎቹም በጂኦሎጂ ዓይን ገና ልጆች ናቸው። ግን እንዲህ ያለ ተራራ ከመንቃቱ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ያሳያል። ባለቤትዎ ከተራራው ይልቅ ያለ ብረት የተገነባውን አጥር ይፍሩት።

አዳማ አጠገብ ያለው የቦኩ እንፋሎት ከየት ይመጣል?

የዝናብ ውኃ በስንጥቁ ወርዶ ትኩስ ዐለት ይነካል፣ ከዚያ ተንኖ ይመለሳል። ስንጥቆቹ ደግሞ በዓለም የታወቁ ናቸው፤ ከጎረቤታችን ከወንጂ ስሙን ያገኘ የስምጥ ሸለቆ ስንጥቅ ቀበቶ አካል ናቸው። ለወገብ ሕመም ብሎ እንፋሎቱ ውስጥ መግባቱን ለሐኪም እተወዋለሁ።

የወንጂ ልጅ ነኝ፣ ጥርሴ ቡናማ ነው። አሁን ለሁለት ዓመት ልጄ ፈራሁ። ውኃውን ባፈላው ይድናል?

እኅቴ፣ አይድንም። ይባስ ብሎ ውኃው ሲተን የቀረው ይጠናል። የሚያበላሸው ፍሎራይድ ነው። ውኃ በእሳተ ገሞራ አመድና ብርጭቆ መካከል ለረጅም ዘመን ሲሰርግ ፍሎራይድ ያጥባል። በውኃው ውስጥ ካልሲየም ቢበዛ ያስረው ነበር፣ እዚህ ግን ካልሲየሙ ትንሽ ነው። ስለዚህ ከላይ ምንም ሳይመስል ከጉድጓድ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። የወንጂ ጥልቅ ጉድጓዶች ከዚህ እጅግ አልፈው ስለተገኙ አካባቢው በሕክምና ጥናቶች የታወቀ ነው። የእርስዎ ጥርስ ያወጣው ቀለም በልጅነት፣ ጥርሱ ድድ ውስጥ እያለ የገባ ነው። ልጅዎ ላይ ገና ጊዜ አለ። ለመጠጥና ለወጥ ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣውን የቧንቧ ውኃ ወይም የዝናብ ውኃ ይጠቀሙ። የጉድጓድ ውኃ ግዴታ ከሆነ ያስመርምሩት። በተለይ የዱቄት ወተቱን በምን እንደሚበጠብጡ ልብ ይበሉ።

አንድ ሰው ከሰማይ የወደቀ ነው ብሎ ጥቁር ድንጋይ ሊሸጥልኝ ነው። 50 ሺህ ብር ይላል። ፎቶውን ልኬልሃለሁ።

ወንድሜ፣ ፎቶውን አየሁት። እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ነው። ከሰማይ የሚወድቅ ድንጋይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለበትም ማለት ይቻላል። በእጅህ ስትይዘው ከባድ ነው፣ ብዙውንም ማግኔት ይስበዋል። ያንተው ጋዙ ሲያመልጥ የተበሳሳ ላቫ ነው፣ ግንበኞች ሬድ አሽ ለሚሉት የሥጋ ዘመድ። ብርህን ያዝ። ድንጋዩ ካማረህ እሑድ ወደ ቦሰት ውጣና በጆንያ ሙላ።