ሳላን በጠዋት፣ ፈንታሌን ወደ ማታ

ጥቅምት አልፎ ቆላው ቀዝቀዝ ሲል ስለ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ይበዙብናል። በዚህ እትም ከመሀል አዲስ አበባ የደረሱንን መርጠን ፎቶን የሚመለከቱትን አስቀድመናል።

«እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ከቤት ወጥቼ ማታ ብመለስ የረባ ፎቶ ይዤ እመጣለሁ?» (ከካዛንቺስ)

ለሽርሽር ይበቃል፤ ለፎቶ ግን አይበቃም። ከመሀል ከተማ እስከ ፓርኩ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ አያስቸግርም። ከአዳማ በኋላ ግን በወለንጪቲና በመተሐራ በኩል ጅቡቲ ከሚመላለሱት ተሳቢዎች ኋላ እየተጎተቱ ነው የሚሄዱት፤ ጠቅላላው ጉዞ ሦስት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ አይግረምዎት። ስለዚህ በሩ ላይ ሲደርሱ 3፡30 ይሆናል። በታኅሣሥ ፀሐይ እዚያ የምትወጣው 12፡30 አካባቢ ስለሆነ ለስላሳው ብርሃን አልፏል፤ እንስሳቱም ጥላ ይዘዋል። በቀን ተመልሰው አዲስ አበባ ለመግባት ደግሞ የማታው ብርሃን ሳይጀምር መነሣት ግድ ነው። በአጭሩ፣ ሁለቱንም ጥሩ ሰዓት መንገድ ላይ ያሳልፉታል።

ቅዳሜ ከረፋዱ 5 ሰዓት ይነሡ። 9 ሰዓት ግድም ደርሰው ከ10፡30 ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ማለትም እስከ 12 ሰዓት ካለፈ ጥቂት ደቂቃ ድረስ ያንሡ። አድረው እሑድ ከንጋቱ 12፡15 እስከ 2፡30 ይሥሩና ቁርስዎን በልተው ይመለሱ። ማደሪያ በፓርኩ ውስጥም፣ በመተሐራና በአዋሽ ሰባት ኪሎም ይገኛል። ከፓርኩ ውጭ የሚያድሩ ከሆነ በሩ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ቀድመው ይጠይቁ፤ የጠዋቱ ምርጥ ግማሽ ሰዓት በር ላይ በመጠበቅ ሊያልቅ ይችላል። ከአዳማ ወዲያ በሌሊት አይንዱ፤ አስፋልት የሚያቋርጥ ግመልና ያለ መብራት የቆመ ከባድ መኪና በጨለማ አይታዩም።

«በ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ በፓርኩ ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ሳላ (ኦሪክስ የሚባለውን ባለ ረጅም ቀንድ የዱር እንስሳ) አነሣሁ። ከ4 ሰዓት በኋላ ያነሣኋቸው በሙሉ ድብዝዝ ያሉ ናቸው። ሌንሱ ተበላሽቶ ይሆን?» (ከአራት ኪሎ)

ሌንሱ ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ጥፋቱ የአየሩ ነው። በበጋ የቆላው መሬት ሌሊት ይቀዘቅዝና ፀሐይ ስትወጣ በፍጥነት ይግላል። ከመሬት የሚነሣው ትኩስ አየር ከላዩ ካለው ቀዝቃዛ አየር ጋር ሲደባለቅ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ያጣምመዋል። በዓይን ሲያዩት ሜዳው ይርገበገባል፤ በረጅም ሌንስ ሲያዩት ደግሞ የሳላው ቀንድ እንደ እባብ ይጥመዘመዛል። ፈጣን ሹተርም (የካሜራው መዝጊያ) ሆነ ውድ ሌንስ ይህን አያስተካክልም። ኮምፒውተር ላይ ምስሉን ሻርፕ ማድረግ ደግሞ ያባብሰዋል፤ የተጣመመውን መስመር ይበልጥ ያጎላዋልና።

መፍትሔው ሰዓቱንና ርቀቱን ማሳጠር ነው። ከ3 ሰዓት በኋላ ከ100 ሜትር በላይ ያለን እንስሳ ለማንሣት ባይደክሙ ይሻላል። 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ በሙሉ ፍሬም (ምስል የሚቀበለው ሴንሰር ትልቅ በሆነ) ካሜራ ላይ፣ በ60 ሜትር ርቀት፣ ቁመቱ 5 ሜትር ያህል ቦታ ያሳያል። ሳላ ትከሻው ላይ ከአንድ ሜትር ትንሽ ስለሚበልጥ ከፍሬሙ ቁመት አንድ አራተኛውን ይይዛል፤ ከሜዳውና ከተራራው ጋር ለሚወጣ ፎቶ ይህ ደህና መጠን ነው። በ200 ሜትር ከሆነ ግን ቆርጠው ማሳደግ ይኖርብዎታል፤ ያኔ የአየሩ መርገብገብም አብሮ ያድጋል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ምክንያት መኪናው ራሱ ነው። ኤር ኮንዲሽነር እየሠራ መስኮት ከፍተው ወዲያው ቢያነሡ የውስጡና የውጭው አየር በመስኮቱ ላይ ይደባለቃል፤ ሌንሱም የሚያየው በዚያ ውስጥ ነው። እንስሳው ጋ ከመድረስዎ 10 ደቂቃ በፊት ማቀዝቀዣውን አጥፍተው መስኮቶቹን ሁሉ ይክፈቱ። ሲቆሙ ሞተሩን ያጥፉ። በኮፈኑ ላይ አሻግረው አያንሡ፤ ከብረቱ የሚወጣው ሙቀት ብቻውን ፎቶ ያበላሻል።

ሌንሱን መስኮቱ ላይ ለማስደገፍ ከጨርቅ የተሰፋ ከረጢት ውስጥ ሁለት ኪሎ ሽምብራ ይሙሉ። ከትራይፖድ በላይ ለመኪና የሚመች እሱ ነው፤ ሲመለሱም ይቆላል። ጎህ ሲቀድ አይ.ኤስ.ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 እስከ 3200፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ 400፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 5.6፣ ሹተር ለቆመ እንስሳ 1/500 ሰከንድ፣ ለሚሮጥ 1/1000 ወይም ከዚያ የፈጠነ ጥሩ መነሻ ነው።

ወደ መንጋው በቀጥታ አይንዱ፤ መንገዱን ሳይለቁ ቀስ ብለው እየቀረቡ በየመሀሉ ይቁሙ። ሳላው ራሱን ቀና ካደረገ ይጠብቁ፤ እንደገና መጋጥ ሲጀምር ትንሽ ይጠጉ። አባርሮ የጀርባ ፎቶ ማንሣት ምን ይጠቅማል? ውሃ ቆጥቦ የሚኖር እንስሳ በፀሐይ መሮጡም ይጎዳዋል።

ጥርጣሬው ካልለቀቀዎት ሌንሱን ይፈትሹት። በማለዳ፣ ድጋፍ ላይ አድርገው፣ 20 ሜትር የራቀ የመኪና ታርጋ ያንሡ። ፊደሉ ጥርት ብሎ ከወጣ ሌንሱ ምንም አልሆነም።

«የፈንታሌ ተራራ ፎቶዬ ወይ ይነጣል ወይ ይጠቁራል። በስንት ሰዓት፣ ከየት ላንሣው?» (ከፒያሳ)

ከደቡብ፣ ማለትም ከኢላላ ሳላ በኩል። ይህ የበጋ ትልቁ ጥቅም ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በእኩለ ቀን እንኳ ከአናት 32 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ከሜዳው ሆነው 2007 ሜትር ከፍታ ያለውን ተራራ ሲያዩ ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ ከኋላዎ ናት። በሰኔ ግን ወደ ሰሜን ስለምትሻገር በቀትር ይህ የተራራው ደቡባዊ ፊት ብርሃን ያንሰዋል። ምርጡ ከ11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ማታ ነው፤ ብርሃኑ ከደቡብ ምዕራብ በጎን ስለሚመታው ሸንተረሮቹ ይወጣሉ።

መንጣቱና መጥቆሩ ካሜራው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለመለወጥ ስለሚሞክር ነው። የደረቀው ሣር ፍሬሙን ከሞላው ያጠቁረዋልና መጋለጡን (ኤክስፖዠር) በ0.3 እስከ 0.7 ስቶፕ ከፍ ያድርጉ። በበሰቃ ሐይቅ በኩል ያለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ በ0.7 እስከ 1 ዝቅ ያድርጉት፤ አለዚያ ድንጋዩ ግራጫ ይሆንና ሰማዩ ይነጣል።

«ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ልቅር ወይስ ልሂድ?» (ከስታዲየም አካባቢ)

ይሂዱ፤ ሳላውን ግን ይተዉት። በጣት ጎትተው የሚያሳድጉት ምስል ዝርዝሩ ይጠፋል። ስልክ የሚያምርበት ፏፏቴው፣ ገደሉ፣ የግራር ጥላ፣ በፓርኩ ፍል ውሃ ያለው የዘንባባ ጫካ ነው። ቆቃ ግድብ የወንዙን ውሃ ስለሚያመጣጥነው ፏፏቴው በበጋም አይደርቅም። ደማቁን ቦታ በጣትዎ ነክተው ብርሃኑን ዝቅ ያድርጉ፤ ጥላውን በኋላ ማንሣት ይቻላል፣ የነጣ ሰማይ ግን አይመለስም።

እዚያው ፏፏቴው አካባቢ ዝንጀሮዎቹን ልብ ይበሉ። ሁለት ዓይነት ዝርያዎች የሚዳቀሉበት፣ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ቦታ ነው። አንዳንዱ ወንድ ብርማ ጎፈር ከነሙሉ ክብሩ አለው፣ አንዳንዱ ቡናማ ነው፣ አንዳንዱም መሀል ላይ የቀረ ይመስላል። በስልክም ይደረስባቸዋል፤ ምግብ ግን በእጅዎ አይያዙ።

«ባለፈው ከበረሃ ስመለስ ሁሉም ፎቶ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ነበር።» (ከሜክሲኮ)

ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ነው። በተለይ በኤፍ 11 እና ከዚያ በጠበበ አፐርቸር ሰማይ ላይ ይታያል። ሌንስ መቀየር ካለብዎ መስኮት ዘግተው፣ የመኪናውን ማራገቢያ አጥፍተው፣ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ደፍተው ይቀይሩ። ሁለት ካሜራ ያለው ሰው ባይቀይር ይመረጣል። የሌንሱን መስታወት ሲያጸዱ በመጀመሪያ በእጅ ፓምፕ ይንፉ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ፣ ጨርቅ መጨረሻ ላይ። ጨርቁን ካስቀደሙ የእሳተ ገሞራው ደቃቅ አሸዋ መስታወቱን ይቧጭረዋል። በአፍ አይንፉ፤ ምራቅ ይረጫል።

ፍል ውሃ ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ ከቀዝቃዛ መኪና የወጣ ሌንስ በእንፋሎቱ ላብ ይይዘዋል። ካሜራውን ከነቦርሳው ዘግተው 20 ደቂቃ ውጭ ያቆዩት።

«ኮከብ ማንሣት ይቻላል?» (ከለገሃር)

ይቻላል፤ ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት ይምረጡ፣ ፊትዎንም ከመተሐራ መብራት ያዙሩ። በታኅሣሥ ደማቁ የፍኖተ ሐሊብ (ሚልኪ ዌይ) መሀል ከፀሐይ ጋር ስለሚውል አይታይም፤ የኦሪዮን ኅብረ ከዋክብት ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት በምሥራቅ ከፍ ብሎ ይገኛል። ታኅሣሥ 4 እና 5 አካባቢ የጀሚኒድ ተወርዋሪ ኮከቦች ይበዛሉ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጥሩ ነው። ሹተሩ ስንት ሰከንድ ተከፍቶ መቆየት እንደሚችል ለማወቅ 500ን ለሌንሱ ሚሊ ሜትር ያካፍሉ፤ በ24 ሚሊ ሜትር 20 ሰከንድ ይደርሳል። ከዚያ ካለፈ ኮከቡ ጭረት ይሆናል። ትንሽ ሴንሰር ካለው ካሜራ ሚሊ ሜትሩን በቅድሚያ በ1.5 ያባዙ። ፎከሱን በእጅ፣ ደማቅ ኮከብ በስክሪን አጉልተው ያስተካክሉና ቀለበቱን በፕላስተር ይያዙት። ወንዙ ዳር አይሁን፤ አዞ አለ።

«የመሬት መንቀጥቀጡስ? ሌላ ምን ልጠንቀቅ?» (ከቂርቆስ)

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ዙሪያ ለወራት ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ነበር፤ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያሉ ሰዎችም ተሰምቷቸዋል፣ ነዋሪዎችም ከአካባቢው እንዲነሡ ተደርጓል። ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይደውሉ፤ ወደ ተራራው የእሳተ ገሞራ አፍ የሚወስደውን መንገድ በተለይ ይጠይቁ። ያለ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) አይግቡ። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ውሃ፣ ለመኪናው ሁለት ትርፍ ጎማ ይያዙ፤ የግራር እሾህ አንዱን ብቻ አይምርም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የወባ ወቅት ስለሆነ አጎበርና የሚቀባ መከላከያ አይርሱ። የከረዩና የአፋር አርብቶ አደሮችን፣ ግመሎቻቸውንም ቢሆን፣ ሳይጠይቁ አያንሡ። ድልድይ፣ ባቡር ጣቢያና የጦር ካምፕ ላይ ካሜራ አያቅኑ።

«ድሮንስ?» (ከዚያው)

በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ ከሌለዎት ቤት ይተዉት። ቢፈቀድልዎም ሳላው ድምፁን ሲሰማ ይፈረጥጣል።