መጀመሪያ የክርስትና ስማቸውን ፈልጊ

ሰላም እህቴ። የጠየቅሽው ጎጃም ተወልደው በ1960ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ያረፉትን የቅድመ አያትሽን ወላጆችና ዘመዶች ከድሮ የጋብቻና የቀብር መዝገብ እንዴት እንደምታገኚ ነው። ወንድምሽ የተቀበሩበት ደብር ሄዶ ስማቸውን ቢጠይቅ «የለም» እንደተባለ፣ አንቺም አሜሪካ ስለሆንሽ ራስሽ መሄድ እንደማትችዪ ጽፈሻል።

«የለም» ስለተባለ ተስፋ አትቁረጪ። የጠፋው ወንድምሽ የጠራው ስም ነው፤ እሳቸው ግን እዚያው መዝገብ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። በእኛ አገር ወረቀት አንድ ሰው እስከ ሦስት ስም ይኖረዋል። በጋብቻ ውል፣ በግብር ደረሰኝና በፍርድ ቤት የሚጻፈው የዓለም ስሙ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ፍትሐቱንም ተዝካሩንም የምታደርስለት በክርስትና ስሙ ነው። በእርጅና ከመነኮሰ ደግሞ ሦስተኛ ስም ይጨመራል። ቤተሰቡ ቅድመ አያትሽን «እማሆይ» እያለ የሚያነሳቸው ከሆነ ይህን ቶሎ አጣሪ። በላይነሽ ተብለው የሚፈለጉ ሴት መዝገቡ ላይ ወለተ ሚካኤል ሆነው ይገኛሉ።

የክርስትና ስሙን መጀመሪያ የክርስትና ልጆቻቸውንና የንስሐ አባታቸውን የሚያውቅ ሰው ጠይቂ። ስሙን ለማንም መንገር የማይወዱ አሉና በቤተሰብ ግሩፕ ላይ ሳይሆን ለብቻ ደውለሽ ይሁን። ካልተገኘ የቤቱ ሳጥን ይከፈት። በእጅ የተጻፈ ዳዊት፣ የጸሎት መጽሐፍ ወይም የብራና ክታብ ካለ የባለቤቱ የክርስትና ስም በየጸሎቱ መሐል ገብቶ ታገኚዋለሽ፤ «ለአመትከ» (ለአገልጋይህ፣ ለሴት) ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቃል እዪ። ስሙ ያለበት ቦታ ተፍቆ በሌላ ቀለም ወይም በሌላ እጅ ከተጻፈ ግን ክታቡ ከሌላ ሰው የተላለፈ ስለሆነ፣ ሁለቱንም ስም መዝግቢ። የፊተኛው ባለቤት እናት ወይም አክስት ልትሆን ትችላለች።

ወደ ቀብሩ እንምጣ። የገጠር ቤተ ክርስቲያን የድሮ የቀብር መዝገብ ይኖረዋል ብለሽ አትጠብቂ፤ ሰው ተፈትቶ ይቀበራል፣ ወረቀት የለም። የቤተ ክርስቲያን መተዳደሪያ ደንብ የሆነው ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. ወጥቶ ሰበካ ጉባኤ ከተደራጀ ወዲህ ግን በከተማ አድባራት የአባላት መዝገብና የክፍያ ካርድ አለ፤ ለቀብርም ካርዱ ስለሚጠየቅ ሟች በዚያ በኩል ይገኛል። የቅድመ አያትሽ ጊዜ ከዚህ በኋላ ስለሆነ ዕድለኛ ነሽ። ወንድምሽ መሄድ ያለበት የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ነው፤ በዓል ባልሆነ ቀን ጠዋት ይሂድ። መዝገቡ የተጻፈው በስም ተራ ሳይሆን በቀን ተራ ነውና ስም ብቻ ይዞ ከሄደ ጸሐፊው መቶ ገጽ አይገለብጥለትም። ሦስቱንም ስም፣ ያረፉበትን ወርና ዓመት፣ የሰበካውን ክፍያ ይከፍል የነበረውን የቤቱን አባወራ ስም በአንድ ወረቀት ጽፎ ይያዝ።

ያረፉበት ቀን ከጠፋ የተዝካሩን ቀን የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም። አርባው የሚቆጠረው ካረፉበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ ከተዝካሩ ቀን አንድ ወር ከ9 ቀን ወደኋላ መልሺ። አርባው ኅዳር 14 ከነበረ ያረፉት ጥቅምት 5 ነው። መሐሉ ላይ ጳጉሜን ካለች የእሷን 5 ወይም 6 ቀን መርሳት የለብሽም። ድግሱ ለሰው እንዲመች ወደ እሑድ ተገፍቶ ሊሆን ስለሚችል ከተገኘው ቀን ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሳምንት ይፈለግ።

ዓመቱ ሲያከራክር በወንጌላዊ ስም የሚጠራው ዘመን ይረዳል። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ስታካፍዪ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። አንዱ 1967፣ ሌላው 1968 ቢል፣ ወረቀቱም «በዘመነ ሉቃስ» ቢል፣ ልክ የሆነው 1967 ነው። በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ ቀን ላይ ፮ን ከ፯ ጋር ማምታታት የተለመደ ስህተት ነው። ከዚያ በፊት ላሉት «በኅዳር በሽታ ጊዜ» ከተባለ 1911፣ «በሰገሌ» (በጦርነቱ ጊዜ) ከተባለ 1909፣ «ከማይጨው በፊት» ከተባለ ከ1928 በፊት ብለሽ ያዢው።

ሰዎች የሚዘነጉት ግን ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው የእድር መዝገብ ነው። እድር ለሐዘንተኛው የሚከፍለው እንደ ዝምድናው ነው፤ ለባል ወይም ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለእናትና አባት፣ ለወንድምና እህት፣ ለአማት የተለያየ ብር ተደንግጓል። ስለዚህ ጸሐፊው የሚጽፈው ሞቱን ብቻ አይደለም፤ «ለአቶ እገሌ፣ እህታቸው ወ/ሮ እገሊት ስላረፉ፣ ይህን ያህል ብር» ብሎ ዝምድናውን ይጽፋል። ቅድመ አያትሽ በኖሩበት እድር ወንድማቸው ጎጃም ሞቶ መርዶ መጥቶላቸው ከነበረ፣ የዚያ ወንድም ስም ከነአባቱ እዚያ መስመር ላይ ሊኖር ይችላል። ዝምድናው የተዘለለ ከሆነም የተከፈለውን ብር ከዚያ ጊዜ መተዳደሪያ ደንብ ጋር አስተያዪው፤ የወንድም ነው ወይስ የአማት፣ ብሩ ራሱ ይነግርሻል። ችግሩ የድሮው ደብተር ከጽሕፈት ቤቱ ይልቅ በቀድሞው ጸሐፊ ቤት መቅረቱ ነው። እሳቸው አርፈው ከሆነ ልጆቻቸውን ጠይቁ። የሴቶች እድርም ለብቻው ነበርና ከባል ስም ስር ያልተገኙት እዚያ ይታያሉ።

ጋብቻውን በተመለከተ፣ በገጠር ብዙው ሰማንያ በሽማግሌና በዋስ ፊት በቃል የታሰረ ነው። የተጻፈ ውል ከተገኘ ከሙሽሮቹ ስም ይልቅ ታች ያሉትን አንብቢ። የወንዱ ዋስ፣ የሴቷ ዋስ፣ ሽማግሌዎቹ፣ በሬ የሰጡትም ዘመድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዋስ አጎት ወይም ታላቅ ወንድም ሊሆን ይችላልና። የሴቶቻችን የአባት ስም በጋብቻ ስለማይቀየርም የሙሽራዪቱ ስም ሲጻፍ የአባቷም ስም አብሮ ይጻፋል። ዛሬ ከወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት የሚሰጥሽ የድሮ ጋብቻ ማስረጃ ግን ዛሬ በመሰከሩ ሰዎች ቃል የተሠራ ነው፤ አገር አቀፉ ምዝገባ የጀመረው በ2008 ስለሆነ ለቅድመ አያት ፍለጋ አይጠቅምሽም።

ከዚያ በላይ ለመውጣት የጎጃም የርስት ሙግት መዝገብ ተወዳዳሪ የለውም። ተከራካሪው ከራሱ ተነስቶ እስከ ዋናው አባት መቁጠር ነበረበት፤ ርስትም በእናትም በአባትም ስለሚወረስ የሴቶች ስም በብዛት ይገኛል። እነዚህ መዝገቦች ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በፊት የነበሩ ናቸውና የቀድሞው አውራጃ ፍርድ ቤት ማኅደር ዛሬ የት እንዳለ በዞኑ ፍርድ ቤት ይጠየቅ። ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ መሬት ለማግኘት ሲባል አንድ ትውልድ የሚዘለልበት ወይም የሰው አያት የሚጠጋበት ጊዜ አለ። የከሳሹን ቆጠራ ብቻ ሳይሆን የተከሳሹን መልስም ሳታነቢ አትቀበዪው፤ ሁለቱም የተስማሙበት ስም አስተማማኝ ነው።

አንቺ ካለሽበት ልትሠሪ የምትችዪው አለ። ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሱ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች አሉት፤ ተመዝግበሽ በነጻ ማየት ትችያለሽ። ብዛቱ የሸዋ ስለሆነ የአጥቢያችሁ ወንጌል ላይኖር ይችላል፤ ካለ ግን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ባዶ ቅጠሎች፣ በገጹ ዳር (በኅዳጉ) ያለውንም ጽሑፍ እዪ፤ የጉልት ስጦታ፣ የርስት ሽያጭና የምስክሮች ስም የሚጻፈው እዚያ ነው። ስትፈልጊ ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ ጸንና ፀን እየለዋወጥሽ ሞክሪ።

ወንድምሽ ደብሩም ሆነ እድሩ ጋ መዝገብ ከተከፈተለት የእሳቸውን መስመር ብቻ አያንሳ። ፈቃድ ጠይቆ የመዝገቡን ሽፋን፣ ገጹን በሙሉ፣ ከፊቱና ከኋላው ያሉትንም ገጾች ፎቶ ያንሳ። ሐውልቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ከደበዘዘም በኖራ ወይም በሽቦ ብሩሽ እንዳይነካው፤ ማለዳ ወይም ወደ ማታ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ያንሳው፣ የማይታየው ፊደል በጥላው ይወጣል።