የ81 ዓመቱ አሰልጣኝና የባህር ኃይሉ ልጆች፦ ስለ ፓሲፊክ ኮሌጅ የ1943 ቡድን ጥያቄና መልስ

ስለ አሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኞቻችሁ የመጣችሁት በአንድ ቡድን ላይ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሀል ትልልቆቹን ባሸነፈው የስቶክተን፣ ካሊፎርኒያ ትንሽ ኮሌጅ፣ በፓሲፊክ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ፉትቦል የምለው ደግሞ ሄልሜት አድርገው የሚላተሙበትን ነው።

ጥያቄ፦ እውነት አሰልጣኙ 81 ዓመታቸው ነበር? ወይስ ወሬ ነው?

እውነት ነው። አሞስ አሎንዞ ስታግ የተወለዱት ነሐሴ 1862 ነው። ያኔ እኛ ጋ አፄ ቴዎድሮስ ዙፋን ላይ ነበሩ። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲን ከ1892 ጀምረው ለ40 ዓመት አሰልጥነዋል። ሰባ ሲሞላቸው ዩኒቨርሲቲው «አሁን ይበቃዎታል፣ ሌላ ሥራ እንስጥዎ» አላቸው። እሳቸው ግን ጓዛቸውን ጠቅልለው በ1933 ፓሲፊክን ሊያሰለጥኑ ስቶክተን ገቡ። ባለቤታቸው ስቴላም የተጋጣሚ ቡድኖችን እየተመለከቱ ማስታወሻ ይይዙላቸው ነበር። ሰውየው መንፈሳዊ ስለነበሩ አይሳደቡም። በጣም ሲናደዱ «አህያ!» ይሉ ነበር ይባላል። ሲብስባቸው ደግሞ «ድርብ አህያ»።

ጥያቄ፦ ጦርነት እያለ ተጫዋች ከየት መጣ? ወጣቱ ሁሉ ዘምቶ አልነበረም እንዴ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። በ1942 መጨረሻ የውትድርና ምልመላ ዕድሜ ወደ 18 ወረደ። ኮሌጆች ባዶ ቀሩ። ስታንፎርድ፣ ኦሪጎን፣ አላባማ የመሳሰሉት በ1943 ቡድን ማቋቋም አልቻሉም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ግን ባህር ኃይሉ ቪ-12 የሚባለውን ፕሮግራም ጀመረ። ወደፊት መኮንን የሚሆኑ ልጆችን በ131 ኮሌጆች አከፋፍሎ ማስተማር ነበር ሐሳቡ። ልጆቹ ዩኒፎርም ይለብሳሉ፣ በወር 50 ዶላር ይከፈላቸዋል፣ ከትምህርቱ ሌላ በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ስፖርት ይሠራሉ። ምድር ጦሩ የራሱን ሠልጣኞች በኮሌጅ ቡድን እንዳይጫወቱ ከለከለ። ባህር ኃይሉ ፈቀደ። ልዩነቱን የፈጠረው ይቺ ውሳኔ ናት። ፓሲፊክ ከ131ዱ አንዱ ስለነበር፣ በሰላሙ ጊዜ ዞር ብለው የማያዩት ጎበዝ ተጫዋቾች በወታደራዊ ትእዛዝ እግሩ ስር መጡለት።

ጥያቄ፦ እነማንን አሸነፉ?

የሎስ አንጀለሱን ዩኒቨርሲቲ ዩሲኤልኤን 19 ለ 7። ካሊፎርኒያን፣ ማለትም በርክሌይን፣ 12 ለ 6። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ዴል ሞንቴን 16 ለ 7 ያሸነፉበት ነው። ዴል ሞንቴ የባህር ኃይል አብራሪዎች ማሠልጠኛ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ 8ኛ የወጣ ቡድን ነበረው። የዘንድሮ ሰው ይሄን ጨዋታ ይረሳዋል፣ ምክንያቱም ተጋጣሚው ዛሬ የለም።

የተሸነፉት ሁለቴ ነው። አንዱ ከማርች ፊልድ የጦር አየር ሰፈር ቡድን ጋር ነው። ሌላው ሎስ አንጀለስ ላይ ከዩኤስሲ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ 6 ለ 0። በዚያኛው ሁለት ታችዳውን (ኳሱን የተጋጣሚ መጨረሻ ክልል በማድረስ የሚገኝ ነጥብ) ተሰርዞባቸዋል ተብሎ እስካሁን ይወራል። ዩኤስሲ ቀጥሎ ሮዝ ቦውል የሚባለው ታዋቂ የዓመት መጨረሻ ጨዋታ ገብቶ ዋሽንግተንን 29 ለ 0 ቀጥቅጧል፤ ስለዚህ 6 ለ 0 የሚያሳፍር አይደለም።

ድምሩ 7 ድል፣ 2 ሽንፈት። አሶሼትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ድርጅት በሚያወጣው የአገር አቀፍ ደረጃ 19ኛ ወጡ። ስታግም የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባሉ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ድሉ የሽማግሌው ነው የባህር ኃይሉ?

የኔ አስተያየት፦ ስድሳ በመቶው የባህር ኃይሉ ነው። ተናደዱብኝ። በ1944 በዚያው አሰልጣኝ 3 አሸንፈው 8 ተሸነፉ። በ1945 ጭራሽ አንድም አላሸነፉም። ሽማግሌው ግን ያው ሽማግሌ ናቸው። በሌላ በኩል ቪ-12 የደረሳቸው ብዙ ትንንሽ ኮሌጆች ነበሩ፤ በ1943 ከአገሪቱ 20 ምርጥ ቡድኖች ውስጥ የገቡት ጥቂት ናቸው። ከፓሲፊክ አንድ ደረጃ በላይ፣ 18ኛ ላይ፣ ኮሎራዶ ኮሌጅ አለ። እንግዲህ ከየትም የተሰባሰቡ፣ ነገ ወዴት እንደሚላኩ የማያውቁ ልጆችን በሳምንታት ውስጥ ቡድን ማድረግ ቀላል አይደለም። ትልቁ ኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ እንኳ ኮከቡን አንጀሎ ቤርቴሊን ከስድስት ጨዋታ በኋላ ማሪን ለሚባለው ጦር አስረክቧል። ልጁ የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሸለመውን ሃይዝማን ዋንጫን ያገኘው በነዚያው ስድስት ጨዋታዎች ነው!

ጥያቄ፦ ከተማው ውስጥ ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ነበር?

ማየት የቻለው ምናልባት። ከዓመት በፊት፣ በ1942፣ በስቶክተንና አካባቢው የሚኖሩ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ቤተሰቦች ከቤታቸው ተነቅለው እዚያው ከተማ የባዛር ሜዳ ላይ ታጉረው ነበር። ከዚያ አርካንሶ ወደሚገኝ ካምፕ ተወሰዱ። ስለ ቡድኑ የሚጻፈው ሁሉ ይቺን ይዘላል፤ እኔ አልዘልም።

ጥያቄ፦ ስታግ ፊልድና አቶሚክ ቦምብ ምን አገናኛቸው?

ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በ1939 ፉትቦሉን ዘጋው። በስታግ ስም የተሰየመው ስታዲየም ባዶ ቀረ። ታኅሣሥ 2 ቀን 1942 ሳይንቲስቶች የመጀመሪያውን የኑክሌር ሰንሰለታዊ ምላሽ ያስነሱት ከዚያ ስታዲየም የተመልካች መቀመጫ ስር ነው።

ጥያቄ፦ ሳክራሜንቶ ነው የምኖረው። ቡድኑን ሄጄ ማየት እችላለሁ?

አይችሉም። ፓሲፊክ ከ1995 የውድድር ዓመት በኋላ ፉትቦል አቁሟል። ስቶክተን ውስጥ ግን በስታግ ስም የሚጠራ ሃይስኩል አለ። ልጅዎ ፉትቦል የሚጫወት ከሆነ አንድ ቀን ሊገጥማቸው ይችላል።