ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ሙቅ ውኃ ወዲያው የሚመጣው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ቤታችን ያለው ባለ 50 ሊትር ቦይለር ሁለት ሰው ከታጠበበት ለሦስተኛው ቀዝቃዛ ነው የሚለቀው። በቅርቡ ለሠርግ ሄደን ያረፍንበት ሆቴል ግን በእንግዳ ጢም ብሎ ሳለ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ቧንቧውን ገና ስከፍተው ሙቅ ውኃ መጣ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቦይለር አለው?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የለውም። ትልልቅ ሆቴሎች ውኃውን የሚያሞቁት ምድር ቤት ወይም ጣሪያ ላይ ባለ አንድ የማሽን ክፍል ነው። የሚያድናቸው የማሞቂያው ጉልበት ሳይሆን ሌሊቱን ሞቆ ያደረው ውኃ ነው።

በቁጥር እንየው። በደቂቃ 9 ሊትር በሚያወርድ ሻወር 8 ደቂቃ የታጠበ ሰው 72 ሊትር ይፈጃል። ገላ የሚስማማው 40 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ታንከሩ 60፣ ቀዝቃዛው 16 ዲግሪ ቢሆን፣ ከ72ቱ ሊትር ሙቁ 39 ብቻ ነው። 200 እንግዶች ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢታጠቡ 7,800 ሊትር ሙቅ ውኃ ይሄዳል። ይህን እየፈሰሰ ለማሞቅ 200 ኪሎዋት ያስፈልጋል፤ ባለ 1.5 ኪሎዋት የቤት ቦይለር ከ130 በላይ በአንዴ እንደማብራት ማለት ነው። ሁለት ባለ 3,000 ሊትር ታንከሮች ሞቀው ካደሩ ግን 4,500 ሊትሩ ያህል ትኩሳቱን ሳይለቅ ይወጣል (የቀረው ከታች ከሚገባው ቀዝቃዛ ጋር ይቀላቀላል)። ማሞቂያው በሁለቱ ሰዓት ውስጥ 3,300 ሊትር ብቻ ይጨምራል፤ ለዚህ 85 ኪሎዋት ይበቃዋል።

ወዲያው መምጣቱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ውስጡ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ቧንቧ በየሜትሩ ግማሽ ሊትር ያህል ይይዛል። ክፍልዎ ከታንከሩ 60 ሜትር ቢርቅና ውኃው ቆሞ ቢያድር፣ 30 ሊትር ቀዝቃዛ እስኪወጣ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይጠብቁ ነበር። ስለዚህ ከመጨረሻው ክፍል ወደ ታንከሩ የሚመለስ ሁለተኛ ቧንቧ ይዘረጋል። ትንሽ ፓምፕ ውኃውን ሌሊትም ቀንም ያዞረዋል። የእርስዎ ክፍል ሙቁን የሚጠልፈው ከደጃፉ ከሚያልፈው መስመር ነው።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ባለ አራት ፎቅ፣ 36 ክፍል ያለው ፔንሲዮን አስተዳድራለሁ። ታንከሩ 60 ዲግሪ ያነባል፤ መመለሻ መስመርና ፓምፕም አለን። ጫፍ ያሉት ክፍሎች ግን ለብ ያለ ብቻ ነው የሚያገኙት። ሌላ ማሞቂያ ልግዛ?

መልስ፦ ቆይ፣ ገንዘብዎን አያውጡ። ታንከሩ 60 ካነበበ ማሞቂያው ሥራውን ሠርቷል፤ ችግሩ መንገድ ላይ ነው።

መጀመሪያ መመለሻው ቧንቧ ታንከሩ ጋ ሲደርስ ይለኩት። ከ50 ዲግሪ በታች መውረድ የለበትም። ከቀዘቀዘ ፓምፑ መዞር አቁሟል፣ ከላይ አየር ታፍኗል፣ ወይም ቧንቧው አልተሸፈነም። ፓምፑ እየጮኸ ውኃ የማያንቀሳቅስበት ጊዜም አለ፤ ድምፁን አይመኑት። ቼክ ቫልቭ (ውኃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ከሌለ ደግሞ፣ ቧንቧ ሲከፈት ቀዝቃዛው በመመለሻው በኩል ወደ ኋላ ይገባል።

መመለሻው ሙቅ ሆኖ ጫፍ ያሉት ብቻ ከቀዘቀዙ፣ ውኃው በአቅራቢያው ባለው መስመር አቋርጦ እየተመለሰ ነው። ውኃ ሰነፍ ነው፤ አጭሩን መንገድ ይመርጣል። በየመስመሩ መመለሻ ላይ ያለውን ቫልቭ፣ የቅርቡን ጠበብ የሩቁን ሰፋ እያደረጉ፣ ሁሉም እኩል እስኪሞቁ ድረስ ያስተካክሉ።

ብዙ ባለሙያ የሚያልፈው ግን ሌላ ጥፋት አለ። ሚክሰሩ (ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለው ቧንቧ) ላይ የተገጠመ ሻታፍ፣ ማለትም የመጸዳጃ የእጅ መርጫ፣ ካለ፣ እንግዳው ሚክሰሩን ሳይዘጋ እጀታውን ብቻ ይለቅና ይሄዳል። ያኔ ሙቁና ቀዝቃዛው ሚክሰሩ ውስጥ እንደተገናኙ ያድራሉ፤ ግፊቱ የበለጠው ቀዝቃዛ ወደ ሙቁ መስመር ይገፋል። አንድ ክፍል የተረሳ ሚክሰር ሙሉ ፎቅ ያቀዘቅዛል። ለማረጋገጥ ፓምፑን ያጥፉ፣ ወደ ማሞቂያው የሚገባውን ቀዝቃዛ ይዝጉ፣ ከዚያ አንድ ክፍል ውስጥ ሙቁን ብቻ ይክፈቱ። ቧንቧው ውስጥ የቀረው ከወጣ በኋላ መቆም አለበት። ካልቆመ ቀዝቃዛ ከሌላ ቦታ እየገባ ነው፤ ክፍል በክፍል እየዘጉ ይፈልጉት። መድኃኒቱ ሻታፉን ለብቻው ከቀዝቃዛው መስመር መሳብ፣ ወይም ሚክሰሩ ሥር በሁለቱም በኩል ቼክ ቫልቭ ማስገባት ነው።

ናፍጣ ለመቆጠብ ብለው ታንከሩን ወደ 45 አያውርዱት። ሌጂዮኔላ የሚባለው ሳንባ የሚያጠቃ ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውኃ ውስጥ ይራባል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ፊላደልፊያ ከተማ ባለ ሆቴል ውስጥ ከተሰበሰቡት የአሜሪካ ሌጂዮን (የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር) አባላት ነው፤ ብዙዎች ታመሙ፣ የተወሰኑትም ሞቱ። በሌላ በኩል 60 ዲግሪ ውኃ በጥቂት ሰኮንዶች ቆዳ ይልጣል። ስለዚህ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታቲክ ሚክሰር ሻወሩ ላይ ይሁን እንጂ ታንከሩ መውጫ ላይ አይግጠሙት፤ እዚያ ካደረጉት መስመሩ በሙሉ ለብ ብሎ ይውላል።