ሞንትሪያል ለምትመጡ፦ ጠቡ የእናንተ አይደለም

ወገኖቼ፣ ቶሮንቶ ወይም ካልጋሪ ለምታርፉ ይህ የፈረንሳይኛና የእንግሊዝኛ ወሬ ብዙም አያስጨንቃችሁም። ሞንትሪያል ያለችበት፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው የካናዳ ክፍለ ሀገር ኩቤክ ለምትመጡ ግን ልንገራችሁ።

እኔ ሞንትሪያል የገባሁት እንግሊዝኛዬን ተማምኜ ነው። አንድ ቢሮ ሄጄ በእንግሊዝኛ ጠየቅሁ፤ ሴትዮዋ በፈረንሳይኛ መለሰችልኝ። ደግሜ ጠየቅሁ፣ ደግማ በፈረንሳይኛ። ንቃኝ ነው ብዬ ስንት ቀን ስብሰለሰል ከረምኩ። ነገሩ የገባኝ ታሪካቸውን ሳነብ ነው። እነዚህ ሰዎች የተቀየሙት እኔን አይደለም፣ እንግሊዝን ነው። ቅያሜው ደግሞ ከቅድመ አያቶቼም ይቀድማል።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ። በ1497 ጆን ካቦት የሚባል ጣሊያናዊ ለእንግሊዝ ንጉሥ ብሎ በመርከብ መጥቶ የባሕሩን ዳርቻ አይቶ ተመለሰ። በ1534 ደግሞ ፈረንሳዊው ዣክ ካርትዬ መጣና ጋስፔ የሚባል የኩቤክ ባሕር ዳርቻ ላይ ዘጠኝ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መስቀል ተከለ። መስቀሉ ላይ "የፈረንሳይ ንጉሥ ለዘላለም ይኑር" የሚል ጽሑፍ ነበረበት። የአገሬው አለቃ ዶናኮና በታንኳ መጥቶ መስቀሉንና መሬቱን እያመለከተ በምልክት ተቆጣ፤ አገሩ የእኛ ነው ማለቱ ነው። ካርትዬ ለመርከብ መንገድ ማመልከቻ ነው እንጂ ሌላ አይደለም ብሎ ሸነገለው። ውጫሌን ለምናውቅ ለእኛ ይህ አዲስ ጨዋታ አይደለም። ካርትዬ ሲመለስ ሁለቱን የአለቃውን ልጆች ይዞ ሄደ። በሁለተኛው ጉዞው አለቃውን ራሱን ወሰደው። ዶናኮና እዚያው ፈረንሳይ ሞተ።

ካርትዬ በመጨረሻው ጉዞ ወርቅና አልማዝ አገኘሁ ብሎ ጭኖ ሄዶ ነበር። ሲመረመር ተራ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ፈረንሳዮች ውሸት ነገር ሲያዩ "እንደ ካናዳ አልማዝ" ይሉ ጀመር።

እውነተኛው ሀብት ቆዳ ነበር። ቢቨር የሚባል የወንዝ እንስሳ አለ፤ አውሮፓ ውስጥ ከጸጉሩ ባርኔጣ ይሠራ ነበር። ሻምፕላ የሚባል ፈረንሳዊ በ1608 ኩቤክ ከተማን ሲቆረቁር አብረውት ከከረሙት 28 ሰዎች ክረምቱን ያለፉት 8 ብቻ ናቸው። (ጃኬት ስትገዙ አትሰስቱ የምለው ለዚህ ነው።) ሰው የሚመጣው ግን አልቀረም፣ ቆዳው ያዋጣ ነበርና።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የራዲሶንና የግሮዜይ ነገር ነው። ሁለቱ ፈረንሳዮች ወደ ሩቅ አገር ዘልቀው ብዙ ቆዳ ይዘው መጡ። የፈረንሳይ ቅኝ ግዛቱ ገዥ "ፈቃድ የላችሁም" ብሎ ቀጣቸው፣ ቆዳቸውንም ወረሰ። ተናደው የሚያውቁትን ሁሉ ይዘው ወደ እንግሊዝ ዞሩ። በ1670 የእንግሊዙ ንጉሥ እነሱ ባመጡት ወሬ ለተቋቋመው የቆዳ ነጋዴ ለሃድሰን ቤይ ኩባንያ፣ ወንዞቹ ወደ ሃድሰን ባሕረ ሰላጤ የሚፈሱበትን አገር ሁሉ በወረቀት ሰጠ። ባለአገሩን የጠየቀ የለም። ፈረንሳይ በአንድ ቢሮክራት ግትርነት ስንት አጣች! እንዲህ ያለ ቢሮክራት እኛም አገር ሞልቷል።

ከዚያ በኋላ ጦርነት በጦርነት ላይ ነው። በ1755 እንግሊዞች በምሥራቅ ጠረፍ የነበሩትን አካዲያውያን ፈረንሳዮች ከቀያቸው ነቅለው በመርከብ በተኗቸው። በ1759 ኩቤክ ከተማ ደጃፍ፣ አብርሃም ሜዳ ላይ፣ የእንግሊዙ ዎልፍና የፈረንሳዩ ሞንካልም ገጠሙ። እንግሊዝ አሸነፈ፣ ሁለቱም ጄኔራሎች ግን ሞቱ። በ1763ቱ ውል ፈረንሳይ ካናዳን ለቃ ስኳር የሚያበቅሉትን የካሪቢያን ደሴቶች መረጠች። ሕዝቧን እዚህ ጥላ ሄደች ማለት ነው። እነዚያ ሰዎች ቋንቋቸውን ይዘው የቀሩት በእልህ ነው። የመኪናቸውን ታርጋ እዩ፤ "አስታውሳለሁ" ይላል።

አሁን ወደ ኑሯችን። በ1977 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ወላጅ ካናዳ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተማረ ካልሆነ በቀር፣ የስደተኛ ልጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚገባው በፈረንሳይኛ ነው። ከዚህ ሕግ ጋር ስትታገሉ አትድከሙ። እንግሊዝኛውን ልጁ ከመንገድም ይለቅመዋል። እናንተ ቤት ውስጥ አማርኛውን ብቻ ጠብቁ። ራሳችሁም በመጣችሁ ሰሞን መንግሥት በነጻ የሚሰጠውን የፈረንሳይኛ ትምህርት ያዙ፤ "ሥራ ከያዝኩ በኋላ" ያለ ሰው ሲማር አላየሁም። ደግሞስ ለገሃር ስንል የኖርነው ምን ብለን ነበር? ፈረንሳይኛ እኮ ነው።

ቤት ስትገዙም ነገሩ ከቶሮንቶ ይለያል። የባንኩ ብድር የሚፈረመው ኖቴር በሚባል የሕግ ባለሙያ ፊት ነው። እንግሊዝ በ1774 የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ሲያስቸግሯት እዚህ ያሉትን ለማባበል የፈረንሳይን የፍትሐ ብሔር ሕግ መለሰችላቸው፤ ልዩነቱ እስከ ዛሬ አለ። አገር ቤት ሕግ የተማራችሁ ግን ብዙም አይከብዳችሁ ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር የ1952ቱን የእኛን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ ናቸው።

በበጋ አንድ ቅዳሜ ልጆቹን ይዛችሁ ኩቤክ ከተማ ውረዱ። አብርሃም ሜዳ ዛሬ መናፈሻ ነው። ከዚያ ወደ አሮጌው ከተማ ስትሄዱ ለዎልፍና ለሞንካልም በአንድነት የቆመ ሐውልት አለ። ጽሑፉን ጠጋ ብላችሁ እዩት። በፈረንሳይኛ አይደለም፣ በእንግሊዝኛም አይደለም። በላቲን ነው።