ባሕር በሌለበት አገር የዓሣ ባለሙያ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ በአራት ኪሎ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ ሰኔ ላይ እመረቃለሁ። በሜኮንግ ወንዝ የተያዘውን የ293 ኪሎ ግራም ዓሣ ፎቶግራፍ ካየሁ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ በወንዝና በሐይቅ በሚፈልሱ ትልልቅ ዓሦች ላይ ሆኗል፤ ማስተርሴንም በዚሁ ለመቀጠል እፈልጋለሁ። አባቴ ግን «ባሕር በሌለበት አገር የዓሣ ባለሙያ ምን ይሠራል?» ይሉኛል፤ አንድ ዘመዳችንም ባንክ ሊያስገባኝ ቃል ገብቷል። እውነት በዚህ ሙያ እንጀራ ይገኛል? ምን ልማር? የባንኩንስ ነገር እንዴት ላድርገው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ አባትሽ የጠየቁትን እኔም ከብዙ ወላጅ ስለምሰማው ከእርሱ ልጀምር። ልጃቸው ተምራ ሥራ ፈት እንዳትሆን መሥጋታቸው ተገቢ ነው፤ ባሕሩን ማንሣታቸው ግን አንቺ ከመረጥሽው ነገር ጋር አይገናኝም። ፎቶግራፉን ያየሽው ዓሣ እ.ኤ.አ. በ2005 በሰሜን ታይላንድ የተያዘ፣ የአምባዛ ወገን የሆነ የወንዝ ዓሣ ነው። እኛም ባሮን፣ ኦሞንና ዓባይን የመሰሉ ወንዞች አሉን፤ ናይል ፐርች የሚባለው ትልቅ ዓሣ በባሮም በኦሞም ይኖራል፤ ከቱርካና ሐይቅ ተነሥተው ለመራባት ወደ ኦሞ ወንዝ የሚወጡ ዓሦችም አሉ።

ነገሩን በቅርብ ለማየት ግን ጣና ይበልጥ ይመቻል። በሐይቁ ውስጥ ባርበስ የሚባሉ ትልልቅ ዓሦች 15 ያህል ዝርያዎች ሲኖሩ፣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ለይቶ ስላቆያቸው በዚያው ውኃ ውስጥ በመልክም በአመጋገብም እየተለያዩ የመጡ ናቸው። ከእነዚህ ቢያንስ ሰባቱ ክረምቱ ሲበረታ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማና ግልገል ዓባይ ያመራሉ። በመጀመሪያ ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት አፍ ላይ ተሰብስበው ይሰነብታሉ፤ ከዚያ የደፈረሰውን ዋና ወንዝ እያለፉ ውኃው ጠራ ብሎ ፈጠን ወደሚልባቸው ገባሮች ይገቡና እንቁላላቸውን በጠጠር ላይ ይጥላሉ። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ተሸሽጎ አየር ያለው ውኃ እያለፈበት ይፈለፈላል፤ ደለል ካለበሰው ወይም ጠጠሩ ለግንባታ ተዝቆ ከተወሰደ ግን የዚያ ዓመት ትውልድ የለም። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሐምሌና በጥቅምት መካከል ሲሆን ፍልሰታም በዚሁ ጊዜ ውስጥ ይውላል፤ ስሙና ወቅቱ መግጠማቸውን ባሰብኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ።

አደጋው ያለው በመሰብሰባቸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሞተር ያላቸው ጀልባዎች ሰፋፊ መረብ ይዘው ወደ ጣና ሲገቡ፣ በወንዞቹ አፍ ላይ የሚዘረጋ መረብ ለዓመታት ያደገውን እናት ዓሣ በጥቂት ሌሊት ይጠርገው ጀመር። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባደረጉት ንጽጽር የባርበሶቹ ክምችት በክብደት ሲለካ ወደ ሦስት አራተኛ የሚሆነው ጠፍቷል። ቆሮሶ (ቲላፒያ) በሐይቁ ዳርቻ ስለሚራባና ቶሎ ስለሚደርስ መረቡን ይቋቋማል፤ ባርበስ ግን ዘግይቶ የሚደርስ፣ ለመውለድም የግድ በዚያች ጠባብ በር ማለፍ ያለበት ፍጥረት ነው። ወንዝ ውስጥ የሚበተነው የብርብራ ዱቄት ደግሞ ትልቁን ከትንሹ ሳይለይ ያንሳፍፋል።

ታዲያ እንጀራው የት አለ? «የሚፈልሱ ዓሦች ጥበቃ ባለሙያ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ በአገራችን አታገኚም፤ በዚህ ቃል ከፈለግሽ አባትሽ ልክ ሆነው ይገኛሉ። ሥራው ያለው በሌላ ስም ነው፤ በምርምር ማዕከላት፣ በዩኒቨርሲቲ መምህርነት፣ በአካባቢ ጥበቃና በብዝኃ ሕይወት መሥሪያ ቤቶች፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ በሚሠሩ አማካሪ ድርጅቶች ውስጥ። የተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ግድብም ሆነ የመስኖ ጠለፋ ሲሠራ ጥናቱን የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት ስለ መስኖ ግድብ ያዘጋጀው ሰነድ በእጄ ገብቶ ነበር፤ ከመቶ በሚበልጠው ገጽ ውስጥ ዓሣን የሚመለከተው «በወንዙ ውስጥ የተለያዩ ዓሦች ይገኛሉ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር። ዓሣው በየትኛው ሳምንት እንደሚያልፍ፣ ወዴት እንደሚወጣ፣ ጫጩቱ መቼ እንደሚመለስ የጠየቀ የለም፤ የሚያውቅም ሰው በቡድኑ ውስጥ አልነበረም። አንቺን የምመክርሽ ያን አንድ መስመር ወደ ሁለት ምዕራፍ መለወጥ የምትችል ሰው እንድትሆኚ ነው። የዓሣ ሀብት አዋጁም፣ ቁጥር 315/1995፣ በወንዝ አፍ ላይ ወደሚሠራ ደንብ የሚለወጠው እንዲህ ያለ ሰው ቀኑንና ቦታውን ለይቶ ሲያቀርብ ነው።

ደመወዙን በተመለከተ ልሸነግልሽ አልፈልግም፤ አብዛኛው የመንግሥት ደመወዝ ነው፣ አማካሪ ድርጅቶች የተሻለ ቢከፍሉም ሥራቸው የኮንትራት ነው።

የግድብ ነገር በሙያው ውስጥ ትልቁን ቦታ እንደሚይዝም አስቀድመሽ እወቂ። በቻይና እ.ኤ.አ. በ1981 የያንግትዜን ወንዝ የዘጋው የገጆባ ግድብ ማለፊያ ስላልተተወለት፣ ለመራባት ወደ ላይኛው ወንዝ ይወጣ የነበረው የቻይና ቀዘፋ አፍንጫ ዓሣ መንገዱ ተቆርጦ ቀረ፤ ከብዙ ሜትር ርዝመቱ ጋር እ.ኤ.አ. በ2022 ከምድር ገጽ መጥፋቱ በይፋ ተመዘገበ። ብዙ ሰው «የዓሣ መሰላል፣ ማለትም ዓሣው ግድቡን በደረጃ የሚሻገርበት መተላለፊያ ቢሠራስ?» ይላል። መሰላሉ በመጀመሪያ የታሰበው ለሳልመን ነው፤ ሳልመን ይዘላል፣ ከሌላው ዓሣ ግን አብዛኛው አይዘልም። እናቲቱ ብትወጣ እንኳ ጫጩቷ በወራጅ ውኃ ተንሳፍፋ መመለስ ሲኖርባት፣ ከግድቡ ኋላ የተኛ ውኃ ያስቀራታል። በኦሞ ወንዝ ላይ በተሠራው፣ 243 ሜትር ከፍታ ባለው ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ላይ ስለ መሰላል ማውራት ትርጉም የለውም፤ ትርጉም ያለው ጥያቄ ከግድቡ የሚለቀቀው ውኃ ለቱርካና ዓሦች የመውጫ ምልክት የሆነውን የክረምት ሙላት በጊዜውና በመጠኑ ይመስላል ወይ የሚለው ነው። ይህን ለመመለስ ከመሐንዲሶች ጋር በእነርሱ ቋንቋ መነጋገር ግድ ይልሻል። ስለዚህ በማስተርስሽ ከዓሣ ባዮሎጂ እኩል ሃይድሮሎጂ (የውኃ ፍሰት ጥናት) እና ስታቲስቲክስ ውሰጂ፤ ከተማሪዎች ብዙዎቹ እነዚህን ሁለቱን ሲሸሹ ስለማይ ይህን አጥብቄ እነግርሻለሁ።

የእጅ ሙያም አለው። ዓሣ ከአንጎሉ ሥር ባለው የጆሮው ክፍል ውስጥ ትናንሽ ድንጋዮች አሉት፤ እንደ ግንድ ቀለበት እየጨመሩ ስለሚያድጉ ዕድሜው ይቆጠርባቸዋል። ከዚህም በላይ ዓሣው የኖረበት ውኃ ውስጥ ያለው ስትሮንቲየም የተባለ ንጥረ ነገር ጠባይ በየቀለበቱ ታትሞ ይቀራል፤ ስለዚህ የተወለደበትን ወንዝና የተጓዘበትን መንገድ ከድንጋዩ ማንበብ ይቻላል። በአማዞን ዶራዶ የሚባለው ትልቅ አምባዛ ከአንዲስ ተራሮች ሥር ተወልዶ እስከ ወንዙ መጨረሻ ወርዶ እንደሚመለስና የደርሶ መልስ ጉዞው ከ11,000 ኪሎ ሜትር እንደሚበልጥ ሲታወቅ፣ ይህ ዓይነቱ ንባብ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ልምምዱን ዛሬውኑ ልትጀምሪ ትችያለሽ። ፒያሳ ካለ ዓሣ ቤት የቆሮሶ ጭንቅላት ግዢ፤ የራስ ቅሉን ከላይ በቢላዋ ከፍተሽ አንጎሉን በወረንጦ ስታነሺ ከሥሩ ግራና ቀኝ ሁለት ነጫጭ ፍሬዎች ይታዩሻል። የባርበስ ከዚህ በጣም ስለሚያንስ በቆሮሶ እጅሽን ሳታፍታቺ አትሞክሪው። ዐሥር ጭንቅላት ከፍተሽ ሳትሰብሪ ማውጣት ከቻልሽ፣ ከብዙ የምስክር ወረቀት ይልቅ ለአማካሪሽ የሚናገርልሽ ይህ ነው።

ትምህርቱን እዚያው አራት ኪሎ ልትቀጥዪ ትችያለሽ፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ለጣና ቅርብ ነው፤ ሰበታ ያለው የዓሣና የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ደግሞ ከአዲስ አበባ በታክሲ የሚደረስበት ስለሆነ ሄደሽ ሰዎቹን አነጋግሪ። ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ የአማካሪሽን ነገር አጥሪ፤ በራሱ እጅ የተሰበሰበ የመስክ መረጃ ያለውንና ተማሪውን ወንዝ ድረስ የሚወስደውን ምረጪ።

የባንኩ ነገር ቀላል አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመጀመሪያ ዓመት ሠራተኛ የዓመት ዕረፍት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ የዓሣ ጉዞ በዚህ አይሸፈንም፤ ባንክ እየሠራሽ በማታ ፕሮግራም ይህን ሙያ እማራለሁ ማለትም አያዋጣም። እንደ እኔ ከሆነ ዘመዳችሁን እስከ ጥቅምት እንዲታገስሽ ጠይቂው። እምቢ ካለና ቤታችሁ ገቢሽን የሚጠብቅ ከሆነ፣ ግቢና ዓመቱን ቆጥበሽ በሚቀጥለው ዓመት ተመዝገቢ፤ ይህ ሽንፈት አይደለም። ከታገሰሽ ግን ይህን ክረምት ወንዝ ዳር አሳልፊ፤ ከሰኔ በፊት ለባሕር ዳሩ የዓሣ ምርምር ማዕከል ደብዳቤ ጽፈሽ ያለ ክፍያ ዓሣ በመለካትና በመመዝገብ ለማገዝ ጠይቂ፤ የመንገዱንም ደኅንነት እነርሱን ሳትጠይቂ አትነሺ። ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ እየዘነበ፣ በምሽት የሁለት መቶ ዓሦችን ርዝመት መለካት ከፎቶግራፉ በጣም የራቀ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላም ካልጠላሽው ለአባትሽ የምትመልሺው መልስ ይኖርሻል። ስትሄጂ ቦት ጫማና ጠንካራ ደብተር ያዢ፤ ማስታወሻሽንም በእርሳስ ጻፊ፣ የእስክርቢቶ ቀለም በዝናቡ ይፈስሳልና።